መኪና ለሚያስመልሰው መንገደኛ፦ በባሕር ማዶ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ የቱ ወንበር፣ የቱ ሰዓት፣ የቱ ክኒን?

ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማ በርን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ አፍ በምራቅ ይሞላል። ቀጥሎ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ ችፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው "ረዳት፣ ፌስታል!" ብቻ ነው።

ከአገር የወጣ ብዙ ሰው ታዲያ "እዚያ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ መኪናውም አዲስ ነው፣ ምን ሊያስመልሰኝ?" ይላል። ያስመልሳል። እንዲያውም የሚብስበት ጊዜ አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ የረጅም ርቀት አውቶቡሶች መስኮታቸው አይከፈትም። ረዳት የለም፤ ሹፌሩ ብቻውን ነው። ፌስታል የሚያድልም የለም። ሽንት ቤቱ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው፤ ሽታው ለአጠገቡ ተቀማጭ ይተርፋል። ዋይፋይ ስላለ ደግሞ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚሄደው። ከሁሉም የከፋው ይኼኛው ነው።

ችግሩ ሆድ ላይ ቢታይም መነሻው ጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። መኪናው ሲታጠፍ፣ ሲነሳ፣ ፍሬን ሲይዝ "እየሄድን ነው" ይላል። ዓይን ግን የተተከለው ስልክ ወይም የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ነውና "ቁጭ ብለናል" ይላል። አንጎል በሁለቱ መሃል ግራ ይጋባል፤ ሆድ ይገላበጣል። ሹፌር የማያስመልሰው ለዚህ ነው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት በዓይኑ ያየዋል፣ በእጁም የሚያዞረው እሱ ነው።

ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ነገሮች ወይ ይህን ግጭት ይቀንሳሉ፣ ወይ አንጎል ግጭቱን እንዳይሰማ ያደርጋሉ። ሁለቱንም የማያደርግ ነገር ማጽናኛ ነው። ማጽናኛም ቢሆን አይናቅም፤ ግን በሱ ብቻ ተማምኖ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ አይጀመርም። የኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ወንበር ላይ አውጡ፣ ቀጥሎ ክኒን ላይ። ሎሚው ሦስተኛ ነው።

ወንበር፦ ፊት፣ መሃል፣ ወይስ ፎቅ?

በአውሮፓ ፍሊክስባስ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በዚያው ኩባንያ ሥር ያለው ግሬይሃውንድ፣ ቲኬት ሲቆረጥ ትንሽ ተጨማሪ ከፍሎ ወንበር ማስያዝ ይቻላል። ብዙ አበሻ ይህን ገንዘብ እንደ ብክነት ነው የሚያየው። "ወንበር ያው ወንበር ነው" ይላል። መኪና ለሚያስመልሰው ሰው ግን ያው አይደለም።

ከሁሉም የከፋው የኋላው ነው። የአውቶቡሱ ጭራ ከኋላ ጎማ አልፎ ስለሚወጣ በየመታጠፊያው ከሌላው ይልቅ ይወዛወዛል። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ባለ አንድ ፎቅ አሜሪካዊ አውቶቡስ ከሆነ ሽንት ቤቱም እዚያው ነው። ተኝቼ እሄዳለሁ ብሎ ኋላ የሚዘረጋ ሰው አለ። መኪና የማያስመልሰው ከሆነ መብቱ ነው።

በቀጥታ ጎማ ላይ ያለው ወንበር ጉድጓዱን ሁሉ ይቀበላል። ከፊት ጎማና ከኋላ ጎማ መሃል ያለው ግን በጣም የተረጋጋ ነው። እይታ ብትፈልጉ ደግሞ የፊት ሁለት ሦስት ረድፎች ይሻላሉ፤ መንገዱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ዓይንና ጆሮ ይስማማሉ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ከሹፌሩ በተቃራኒ፣ ማለትም በቀኝ በኩል ብትቀመጡ ሹፌሩ አይጋርዳችሁም። እንግሊዝና ኬንያ ግን ግራ ነው።

ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ሰው ይሳሳታል። የላይኛው ፎቅ የመጀመሪያ ረድፍ ትልቅ መስታወት አለው፣ ፎቶው ያምራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሌላው ይበልጣል። እይታው እውነት ነው። ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ወዲያና ወዲህ መዋዠቁ ይጨምራል። ቀጥ ባለ ሀይዌይ እይታው ያሸንፋል፣ ውሰዱት። ተራራና ጠመዝማዛ ያለበት መንገድ ከሆነ ታች ውረዱ። ታች ደግሞ አራት ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ለቤተሰብ ተብሎ ነው የሚመረጠው። ከነዚያ ሁለቱ ወንበሮች ጀርባቸውን ለመንገዱ የሰጡ ናቸው። እዚያ ላይ የሚያስመልሰውን ልጅ አታስቀምጡ።

መስኮት ወይስ ኮሪደር? መስኮት፣ ያለ ጥርጥር። ሩቅ ያለውን ተራራ ወይም አድማሱን እዩ። በአጠገብ የሚሮጠውን አጥርና ዛፍ አትከተሉ፣ እሱ ያዞራል።

ቀን ወይስ ሌሊት?

እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ሌሊት ይሂድ። ዓይን ሲጨፈን ግማሹ ክርክር ይቆማል። እንቅልፍ የሚያመጣው ክኒንም ሌሊት ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ይሆናል። እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ግን ሌሊት ከተነሳ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ውጩ ጨለማ ስለሆነ የሚያየው አድማስ የለም፤ ስለዚህ ስልኩን ያወጣል፤ ከዚያ ያው ነው።

ለጾመኛም ሰዓቱ ይቆጠራል። ባዶ ሆድ ብዙ ሰው ላይ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ዘይት የበዛበት ወጥም እንደዚያው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የጠዋቱን አውቶቡስ ትታችሁ፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳችሁ የምሽቱን ያዙ። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ የሚነሳው ይመረጣል፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ለመዋጥ ይመቻል። ከመሳፈር በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ይበቃል። ቢራውን ግን ለመድረሻ አቆዩት።

ክኒኖቹ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ስህተት ሰዓት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ለመከላከል ነው የተሠሩት። ማቅለሽለሽ አንዴ ከጀመረ ጨጓራ የገባበትን ወደ አንጀት ማሳለፍ ይቀንሳል። ክኒኑ እዚያው ይቀመጣል፣ ወይ ከምሳው ጋር ይመለሳል። ስለዚህ የሚዋጠው ቤት ውስጥ ወይም መናኸሪያ ላይ እንጂ መኪናው መወዛወዝ ከጀመረ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ፕላዚል ነው። አገር ቤት ለማስመለስ የሚታወቀው እሱ ስለሆነ ሻንጣው ውስጥ የማይጨምረው ሰው የለም። ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለሌላ ዓይነት ማስመለስ ሊጠቅም ይችላል። የመኪናውን ግን ብዙም አይከላከልም። ሆስፒታል የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮንም እንደዚሁ። ለአለርጂ የሚወሰዱት እንቅልፍ የማያመጡ እንደ ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ያሉትም ለዚህ አይሆኑም።

የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

ዳይመንሃይድሪኔት። አሜሪካ ድራማሚን፣ ካናዳ ግራቮል፣ ጀርመን ቮሜክስ፣ ጣሊያን ዛማሚና፣ እስራኤል ትራቫሚን ይባላል። ለአዋቂ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም፣ ከጉዞው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት። የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ለረጅም መንገድ መደገም አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ400 ሚሊግራም አይለፍ። ቶሎ ይይዛል፣ ያስተኛልም። ለሌሊት ጉዞ የኔ ምርጫ ይኼ ነው። ጣሊያንና ጀርመን በማስቲካ መልክም ይሸጣል። መዋጥ ለሚከብደው ሰው እሱ ጥሩ ነው።

ሜክሊዚን። አሜሪካ ቦኒን ይባላል። "እንቅልፉ የቀነሰ" ተብሎ የሚሸጠው ድራማሚንም ውስጡ ሜክሊዚን ነው፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ስሙን ሳይሆን ይዘቱን አንብቡ። ስዊድንና ኖርዌይ ፖስታፌን የሚባለው ይኸው ነው። ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም፣ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ በቀን አንዴ። የሚያስተኛው ትንሽ ቀለል ይላል። ቀን ለሚጓዝ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ዘመድ የሚጠይቅ ወይም ቀጥታ ሥራ የሚገባ ሰው ይህንን ይያዝ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቀለል ይላል ማለት ደግሞ ወርዶ መኪና መንዳት ይቻላል ማለት አይደለም።

ሲናሪዚን። እንግሊዝ ስቱጀሮን ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አሜሪካ የለም። ከሁለት ሰዓት በፊት 30 ሚሊግራም፣ ከዚያ ካስፈለገ በየ8 ሰዓቱ 15 ነው። ከለንደን ለሚነሳ ረጅም የቀን ጉዞ ጥሩ ተወዳዳሪ ነው።

ስኮፖላሚን፣ በሌላ ስሙ ሃዮሲን። ከሁሉም ጠንካራው ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ትንሽ ክብ ፕላስተር አለው። ከጉዞው ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ 3 ቀን ይሠራል። አሜሪካ በሐኪም ማዘዣ ነው። እንግሊዝ ክዌልስ የሚባል ክኒኑ ፋርማሲ ይገኛል። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ፕላስተሩን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይን ከነካ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2025 ፕላስተሩ የሰውነት ሙቀትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ በተለይ ልጆችና ከ60 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ላይ። በገልፍ አገር ሙቀት ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ የሦስት ቀን ፕላስተር መለጠፍ ለኔ ይበዛል። ለብዙ ቀን የመርከብ ጉዞ ይቆይ።

ፕሮሜታዚን ይሠራል፣ ግን ክፉኛ ያስተኛል። ሌላው ሁሉ ላልሠራለት ሰው፣ ሐኪም አማክሮ፣ ለሌሊት ጉዞ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽን ሊያፍን ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ሞክሩት። አንዳንድ ልጅ እንደሚጠበቀው በመተኛት ፈንታ ይቁነጠነጣል፣ ያለቅሳል። ያንን ከመንገድ በፊት ማወቅ ይሻላል። ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ ሰው፣ ግላኮማ ወይም ፕሮስቴት ያለበት ሰው ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ያዙ። በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ጥያቄ ያመጣል።

እናት አባት ሲመጡ

ከኢትዮጵያ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አዛውንቶች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። እነዚህ ክኒኖች በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግራ መጋባት፣ የሽንት መያዝ፣ ሲነሱ መውደቅ ያመጣሉ። ስለዚህ ለእማማ ቀዳሚው መፍትሔ ወንበርና አየር ነው።

አንዷ እናት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው "ልጄ፣ እስቲ ይቺን መስኮት ገርበብ አድርጊልኝ" ይላሉ። ልጅቷ "እማዬ፣ አይከፈትም እኮ" ትላለች። እናቲቱ መስታወቱን በጣታቸው ዳስሰው እጀታ ፈለጉ። አልነበረም። ልጅቷ ከራሳቸው በላይ ያለችውን ክብ የአየር ቀዳዳ አዙራ ፊታቸው ላይ አቀናችላቸው። "እንዲህ ኖሯል እንዴ!" አሉ፣ ነጠላውም ወረደ። አገር ቤት "ብርድ ይመታኛል" እያለ መስኮት ለመዝጋት የሚጣላው መንገደኛ እዚህ አየሩን ፍለጋ ይገባል። ያቺ ቀዳዳ በአውቶቡሱ ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች ሁሉ ርካሿ ናት። ከተቀመጣችሁ መጀመሪያ እሷን አስተካክሉ።

ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ የእጅ አምባር

ዝንጅብል ላይ የተሠሩ ጥናቶች ውጤታቸው የተደባለቀ ነው። ለአንዳንዱ ያቀልላል። የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው፣ ከክኒኑ ጋርም ይሄዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሻይ አፍልቶ በፔርሙስ መያዝ ወይም ከረሜላውን መምጠጥ ይቻላል።

ሎሚና ጤና አዳም የሚሠሩት ሌላውን ሽታ በመሸፈን ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሽቶ ነስንሶ ከመጣ ሎሚ ወርቅ ነው። አልኮል ያለባት የመርፌ መወጊያ መጥረጊያ ማሽተትም ማቅለሽለሽን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥም ይጠቀሙባታል። ቦታ አትይዝም፣ አትበሰብስም። ከሎሚ ጋር ካወዳደርኳት ለጉዞ እሷን እይዛለሁ። ጤና አዳም ግን ማሽተቱ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠጣው።

ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ወደ ክንድ ገባ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል የሚጫን የጨርቅ አምባር አለ። ማስረጃው ደካማ ነው። ዋጋውም ጉዳቱም ትንሽ ስለሆነ የሚያምንበት ሰው ያድርገው።

ስልክ የግድ ከሆነ

ከሁሉም የሚሻለው አለማየት ነው። በጆሮ ማዳመጫ መዝሙር፣ ትረካ፣ ፖድካስት ስሙ። ቲክቶክን ማንሸራተት ግን በራስ ላይ ችግር መጥራት ነው። አፕል በ2024 በአይፎን ሶፍትዌሩ በአይኦኤስ 18 ላይ አንድ ነገር ጨምሯል። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ነጥቦች ከመኪናው ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ዓይን "እየሄድን ነው" የሚለውን እንዲያይ ነው። የተላከ አድራሻ ለማየት ያግዛል። ሙሉ ፊልም ለማየት ግን አልመካበትም።

ከጀመረ በኋላ

ራሳችሁን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጉና አታንቀሳቅሱ። ዓይን ጨፍኑ ወይም አድማስ እዩ። ቀስ ብላችሁ በረጅሙ ተንፍሱ። ወደ ሽንት ቤት አትሩጡ። ጠባብ ነው፣ ይወዛወዛል፣ መስኮት የለውም። ፌስታል ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ቀዳዳ እንደሌለው በውኃ ፈትሹት፤ ሁለት ደራርቡ። ለሹፌሩ ቀድማችሁ ብትነግሩት የሚቀጥለው ማረፊያ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ይነግራችኋል። ይህን ማወቅ ብቻውን ያረጋጋል። ካስመለሳችሁ በኋላ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፣ በአንድ ትንፋሽ አይደለም።

በመንገዱ ዓይነት

ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ አራት አምስት ሰዓት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። የሚያስመልሰው ኩርባ ሳይሆን በባልቲሞርና በኒውጀርሲ ያለው ፍሬን መያዝና መልቀቅ ነው። ትራፊክ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ፣ ፊት ተቀመጡ፤ ብዙ ሰው ክኒን ላያስፈልገው ይችላል። አምትራክ ባቡሩ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ተነስቶ መራመድም ይቻላል።

በእስራኤል ከቤርሼባ ኤይላት ሁለት መንገድ አለ። በምጽፔ ራሞን በኩል ያለው መንገድ 40 ወደ ገደሉ ሲወርድ ይጠማዘዛል። በዐረባ ሸለቆ የሚሄደው መንገድ 90 ግን ቀጥ ያለ በረሃ ነው። እይታው የመጀመሪያው ይበልጣል። ሆዳችሁ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል።

ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ያለው በአብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ዳገቱና ኩርባው ወደ ኬንያ ተራራ ሲጠጋ ይመጣል። ዳይመንሃይድሪኔት ከያዛችሁ ሁለተኛውን ፍሬ ለዚያ ሰዓት አስቀምጡ። ሜክሊዚን ከሆነ አንዱ ያደርሳል።

ከለንደን ፓሪስ ደግሞ አውቶቡሱ ባሕር ማቋረጥ አለበት። በባቡር ዋሻው ከሄደ አውቶቡሱ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ 35 ደቂቃ ገደማ ነው። በዶቨርና በካሌ መርከብ ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ የባሕሩ መናወጥ በአውቶቡሱ ላይ ይጨመራል። ጥሩ ጎኑ መርከቡ ላይ ከአውቶቡስ መውረዳችሁ ነው። ደጅ ወጥታችሁ ንፋስ መቀበል ትችላላችሁ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አውቶቡሱ በየትኛው እንደሚሻገር ጠይቁ። መልሱ መርከብ ከሆነና ባሕር ከመኪና የባሰ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ፣ ዩሮስታር ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው የሚፈጅበት። ቀደም ብለው ሲቆርጡት ዋጋው ይቀንሳል።